ስመ ጥምቀቱን የምታውቀው

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ስም ነው። አንደኛው ወላጆቹ እንደ ደስታቸውና እንደ ምኞታቸው ያወጡለት፣ ጎረቤት የሚጠራው፣ ጠላት የሚረግመው፣ በገበያና በዳኛ ፊት የሚመላለስ የዓለም ስሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ገና ሕፃን ሳለ፣ ማየ ዮርዳኖስ በራሱ ላይ ሲወርድ ከካህኑ አፍ የተቀበለው፣ በምድር ለጥቂቶች በሰማይ ግን ለመላእክት ሁሉ የታወቀ ስመ ጥምቀቱ ነው። የፊተኛው ከሥጋ ጋር ወጥቶ ከሥጋ ጋር ይገባል፤ የኋለኛው ግን በቅዳሴ ጊዜ በመንበሩ ፊት የሚነሣው፣ በፍታትም ጊዜ ነፍስን ከደጅ ወደ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ስለ ሆነ፣ አበው እንደ ዓይን ብሌን እንዲጠበቅ አዘዙ። ክፉ ሰው ቢያውቀው ይደግምበታል፣ ያስርበታል እየተባለ፣ እናቶች ልጆቻቸውን «ስመ ጥምቀትህን ለባዕድ አትናገር» እያሉ ያሳድጉ ነበር። ስለዚህም በቀድሞው ዘመን አንድ ሰው ስመ ጥምቀቱን ለሌላ ሰው ሲነግር፣ ቀለበት ከማጥለቅና መሐላ ከመማማል የሚበልጥ ነገር ማድረጉ ነበር፤ ነፍሱን እንደ ጫጩት በሰው መዳፍ ላይ ማኖሩ ነበርና። ይህችም እንዲህ ያለውን አደራ በወጣትነቷ ተቀብላ፣ ጠጉሯ እስኪሸብት ድረስ መዳፏን ሳትከፍት የኖረች የአንዲት ሴት ታሪክ ናት።

በደምቢያ ምድር፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ የእግረኛን እግር ይዞ አልለቅ በሚልበት ሜዳ መካከል፣ እንደ ደሴት ብቻዋን ከፍ ባለች ኮረብታ ላይ አንዲት የቅድስት ሐና ደብር ነበረች። በዚያች ደብር ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ቢሠውር ሚስታቸው በጊዜ ስለ ሞቱባቸው፣ ወንድ ልጅም ስላልተሰጣቸው፣ ያላቸውን ዕውቀት ሁሉ ለአንዲት ልጃቸው ለስኂን አወረሱ፤ ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ከቅኔም ጥቂት አስቀምሰው፣ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ አስተምረው አሳደጓት። እሷ ግን ዕውቀቷ በጨመረ ቍጥር ዓይነ አፋርነቷም እየጨመረ የሚሄድ፣ ሰው ባለበት ስትናገር የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ የማትለይ፣ የምታውቀውን ጥቅስ እንኳ ሌላው ተሳስቶ ሲጠቅሰው ከማረም ይልቅ አንገቷን መድፋት የምትመርጥ ነበረች። ከግቢያቸው አጥር ወዲያ የሚኖሩት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ምላሳቸው ከልባቸው ቀድሞ የሚሮጥ ሴት ነበሩና፣ «የመሪጌታ ልጅ ድምፅ የሰኔ ፀሐይ ነው፤ መኖሩን እናምናለን፣ አየሁት የሚል ግን እስካሁን አልመጣም» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ከመሪጌታው ደቀ መዛሙርት አንዱ ቀጸላ ይባል ነበር። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ባላቸውን በሞት አጥተው፣ ከእሱ በፊት የወለዷቸውንም ልጆች በየተራ ቀብረው፣ ይህን አንዱን በጀርባቸው አዝለው ከወገራ ወደ ደምቢያ የወረዱ ባይተዋር ሴት ነበሩ። ቀጸላም የሚተርፍ ልጅ እንዲሆን ሲሉ ከባድ ስለት ተስለው ነበር፦ ለአቅመ አዳም ቢደርስ ኢየሩሳሌም ወርዶ የጌታን መቃብር ይሳለም ዘንድ። ልጁ አደገ፤ ቁመናው የዘንባባ፣ ድምፁ የማለዳ ደወል፣ ሳቁም በማኅሌት መካከል እንኳ የማይታገድ ወጣት ሆነ። የስለቱ ዕዳም አብሮ አደገ። ጥምቀት በዋለ ማግሥት፣ በመተማ በኩል የሚወርዱ ተሳላሚዎች እንዳሉ በተሰማ ጊዜ፣ እናቱ ቃላቸውን ከእግዚአብሔር ሊነጥቁ አልደፈሩምና፣ ስንቁን እያለቀሱ አሰናዱ።

ስኂን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ደጋግማ ልታስታውሰው የተመደበላት አንድ ቀትር ቢኖር የስንብቱ ቀን ቀትር ነው። በግቢያቸው ውስጥ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳ እየፋቀች ነበር፤ ቆዳውም ከመፋቁ ብዛት የተነሣ ስስ ሆኖ ፀሐይን ያሳልፍ ነበር። ቀጸላ ከመምህሩ ምርቃት ሊቀበል መጥቶ፣ መሪጌታው መስቀላቸውን ሊያመጡ ወደ ቤት በገቡ ጊዜ፣ ከተወጠረው ብራና ወዲያ ማዶ ቆመ። ፀሐይቱ በስተ ኋላው ነበረችና ስኂን ፊቱን አላየችም፤ በብራናው ላይ የተሣለ የሚመስለውን ጥላውን ብቻ አየች።

«ስኂን፥ ጥላዬ ይታይሻል?» አላት።

«ይታየኛል» አለች፣ መፋቂያውን ሳታስቀምጥ።

«እንግዲያስ እሱን ቀና ብለሽ እዪው። እኔን እንጂ እሱን አትፈሪውም፤ ጥላ አይናከስ።»

ሳቀች፤ ሳቋንም በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ከዚያም ጥላው ወደ ብራናው ቀረበ፣ ድምፁም ዝቅ አለ፦

«ስለ እኔ ስትጸልዪ ቀጸላ ብለሽ አትጥሪኝ። ቀጸላ የሚባል ሰው በሰማይ የሚያውቅ የለም። ተክለ አልፋ በይኝ።»

ምን እንደ ተሰጣት ታውቅ ነበርና መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። አባቷ ከውስጥ እየሳሉ ሲመጡ ሰማች፤ ጊዜው ሊያልፍባት ሆነ። «እኔንም» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ፣ «ወለተ ብርሃን በለኝ።» ከዚህ በላይ የተባለ ቃል፣ ከዚህ በላይ የተደረገ ነገር አልነበረም፤ እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም። ቀጸላ ተባርኮ ሄደ። ከቀናት በኋላ ያ ብራና ደርቆ ሲወርድ አባቷ ሊጽፉበት ፈለጉ፤ እሷ ግን «ቀዳዳ አለበት፣ ጌታዬ» አለቻቸው። መሪጌታ ቢሠውር ብራናውን ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት። አንድ ቀዳዳ አላገኙበትም፤ ልጃቸው ውሸት ተናግራ እንደማታውቅም ያውቁ ነበርና፣ ጠቅልለው መለሱላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ብራና ፊደል ሳይነካው ከራስጌዋ ተሰቅሎ ኖረ።

ተሳላሚዎቹ ይመለሳሉ የተባሉበት ትንሣኤ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። ከሁለተኛው ትንሣኤ በኋላ አብረው ከወረዱት መካከል አንድ መነኵሴ ብቻቸውን ተመለሱ። ቀጸላ ከመተማ ወዲያ ባለው በረሃ ንዳድ እንደ ያዘው፣ ከአንድ የውኃ ጕድጓድ አጠገብ በእሾህ ዛፍ ጥላ ሥር እንዳስተኙት፣ አብረዋቸው ይጓዙ የነበሩት ነጋዴዎች ስላልታገሡአቸው በራስጌው ውኃ አኑረው እንደ ሄዱ በዕንባ ተናገሩ። «ሲለዩት ሕያው ነበር ወይ?» ቢባሉ «ሕያው ነበር፤ ግን የሚነሣ ሰው መልክ አልነበረውም» ከማለት በቀር የሚጨምሩት አልነበራቸውም። ወራት ካለፉ በኋላ የአገሩ ሽማግሎች ወይዘሮ ጸዳለን፣ የክርስቲያን ነፍስ በበረሃ ያለ ፍታት መቅረት የለባትም፣ አንቺም ተስፋሽን ይዘሽ የልጅሽን ነፍስ ደጅ አታስጠኚ ብለው ገሠጿቸው፤ እሳቸውም ለብዙ ጊዜ እንቢ ካሉ በኋላ እሺ አሉ።

አስከሬን የሌለው ሰው እንደሚደረግለት ሁሉ፣ በቃሬዛው ላይ ጋቢው ተነጠፈ፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከላዩ ተጋደሙ፤ ሕዝቡም ያንን እንደ ሬሳ ከቦ አለቀሰ። ቀጸላን ከልጅነቱ የሚያውቁት የነፍስ አባቱ በዚያው ክረምት ዐርፈው ነበርና፣ በእግራቸው የተተኩት ወጣቱ ካህን መምሬ ገላውዴዎስ ወደ እናት ቀርበው የሟቹን ስመ ጥምቀት ጠየቁ። ወይዘሮ ጸዳለ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ከገጠሙ በኋላ በካህኑ ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። መምሬም ጽናሐቸውን እያጠኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰማዕት» አሉ።

ወልደ ሰማዕት። ስኂን በሴቶቹ መካከል ቆማ ይህን ስም በሰማች ጊዜ ዕንባዋ በጉንጯ ላይ ቆመ። የማን ስም ነው? አስቀድማ «ዋሽቶኝ ነበርን?» ብላ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ቀና ብላ ወደ እናቱ ተመለከተች። ሕዝቡ ሁሉ በዋይታ ሲናወጥ ወይዘሮ ጸዳለ ብቻቸውን አያለቅሱም ነበር፤ ዓይናቸው በቃሬዛው ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ግርጌ ተነሥቶ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ስኂን አንድ ነገር አመነች፦ «እናቱ አንድ ነገር ታውቃለች። ልጅሽ ሕያው ነው የሚል ቃል በስውር ደርሷታል፤ ሕያው ልጇን ለሙታን ጸሎት ላለመስጠት ነው የሐሰት ስም የሰጠችው።» ይህንንም እምነት ለማንም ሳትናገር በልቧ ቀበረችው፤ እንደ ተቀበረ ዘርም በቀለ። ዲያቆኑ በባሕርና በየብስ ስለሚጓዙ ሁሉ ጸልዩ ባለ ጊዜ፣ እሷ በነጠላዋ ውስጥ «ተክለ አልፋ» ትል ነበር፤ ሌላው ሕዝብ ስለ ሙታን ሲጸልይ ዝም ትል ነበር።

ዓመታት ተከታትለው አለፉ። ወይዘሮ ጸዳለ ቆብ ጭነው እማሆይ ጸዳለ ማርያም ተባሉ፣ ከደብሩ ቅጥር ሥር ባለች ጠባብ ጎጆም መኖር ጀመሩ። መሪጌታ ቢሠውር ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ስኂን የጎረቤት ልጆችን ፊደል እያስቆጠረች፣ ለእማሆይ ውኃ እየቀዳችና እንጨት እየለቀመች፣ እንደ ልጅም እንደ ገረድም ሆና አገለገለቻቸው፤ በመካከላቸው ግን የቀጸላ ስም አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። መነሣት አላስፈለገውም፣ ስኂን እንደምታስበው። መስከረም በጠባ ቍጥር እማሆይ ያንን በቃሬዛ ላይ ተነጥፎ የነበረውን ጋቢ ከሣጥን አውጥተው አጥር ላይ ፀሐይ ያስመቱት፣ ብል እንዳይበላውም በውስጡ ቅጠል ይጨምሩበት ነበር። ለሞተ ሰው ጋቢ ይህን ያህል የሚጨነቅ ማን ነው? «ቃል መጥቶላቸዋል፤ ይጠብቁታል» ትላለች በልቧ፤ የራሷም ተስፋ በደከመ ጊዜ ያንን በአጥር ላይ የተሰጣ ነጭ ጋቢ አይታ ትበረታለች።

ለጋብቻ የሚጠይቋት አልጠፉም ነበር። በመጀመሪያ ወጣቶች፣ ኋላም ሚስት የሞተባቸው ባለ ርስቶች ሽማግሌ ላኩ፤ ለሁሉም አንገቷን ደፍታ «ይቅርብኝ» አለች። አንድ ጊዜ የአንድ ግራ ጌታ ሽማግሎች በግቢዋ ተደርድረው ቆመው፣ እሺ የምትል ሲመስላቸው እሷ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሣ ይህንኑ ቃል በደገመች ጊዜ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከአጥር ወዲያ ሆነው መታገሥ አቃታቸው፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፥ ዳዊት አግብተሽ መዝሙር ልትወልጂ ነው?»

«እሱም ከተገኘ ጥሩ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ።»

«ጉድ! ተናገረች!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ለሽማግሎቹ፤ «በሉ ይህንኑ መልስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላ ቃል ለመስማት ሃያ ዓመት ይፈጅባችኋል።»

ሽማግሎቹ እየሳቁ ሄዱ። ይህ ወሬ ለእማሆይ ጸዳለ ማርያም በደረሰ ጊዜ ግን እማሆይ አልሳቁም። የስኂንን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው በማይገባ ደስታ በርቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፤ ያጽናሽ» ብቻ አሏት፤ ስለ ምን እንቢ እንዳለችም አልጠየቋት። ስኂንም ይህን የማይጠይቅ ደስታ ለተስፋዋ ሌላ ምስክር አድርጋ ቈጠረችው። እንዲህ እያለ ሃያ ክረምት ያህል አለፈ፤ ጠጉሯ ሸበተ፣ የቀጸላ ጥላ በብራና ላይ የተሣለበት ያ ቀትር ግን አልሸበተም።

በጳጉሜን፣ ሰማይ ይከፈትበታል በሚባለው በርኅወተ ሰማይ ቀን፣ ሕፃናት ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው የተባረከውን ዝናብ ሊጠመቁ በሜዳው ሲራወጡ፣ እማሆይ ጸዳለ ማርያም በጎጆዋቸው ተኝተው ይህን ዓለም ሊሰናበቱ ተቃርበው ነበር። ስኂን በቅል ከሰማይ የወረደውን ውኃ ተቀብላ ገባች፣ በነጠላዋም ጫፍ ነክራ ግንባራቸውን አበሰች። ከውጭ የሕፃናቱ ሁካታ ይሰማ ነበር። እማሆይ ዓይናቸውን ገልጠው ተመለከቷት።

«ስኂን ልጄ፥ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ከዚህ ዓለም ልሂድ። ከእሱ የመጣልሽ ቃል ምን ነበር?»

«ከማን፣ እማሆይ?»

«ከኔ አትደብቂው እንግዲህ። ሞት በደጄ ቆሞ ወሬ የማባክን ሰው አይደለሁም። ከቀጸላ ነው እንጂ ከማን ይሆናል? ያን ሁሉ ሽማግሌ ስትመልሺ ሁሉ ገብቶኝ ነበር። ‹ቃል ባይልክላት ኖሮ ይህች ልጅ ባዶ ቤት ታቅፋ እንዲህ አትጸናም› አልኩ። አንቺን አይቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁ። ልጠይቅሽ እያልኩ፣ ምስጢራቸው ነው፣ ይነግሩኝ የለ ብዬ ተውኩት። ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም። ምን አለሽ? የት ነኝ አለ?»

ስኂን ቅሉን በመሬት ላይ አኖረችው።

«እማሆይ፥ ለኔ ምንም ቃል አልመጣልኝም። እኔ… እኔስ ቃሉ የመጣው ለእርስዎ ይመስለኝ ነበር።»

«ለኔ?»

«በፍታቱ ቀን ወልደ ሰማዕት ሲባል ሰምቻለሁ። ያ የእሱ ስም አይደለም። ሕያው መሆኑን ባያውቁ ኖሮ የሐሰት ስም አይሰጡም ነበር ብዬ…»

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ሁለት የደንገል ዘንጎች በሐይቅ ዳር ተደጋግፈው ሲቆሙ የሚያያቸው ሁሉ ሁለቱም ሥር የሰደዱ ይመስሉታል፤ ከሥራቸው ግን ውኃው በልቶአቸው፣ እርስ በርሳቸው ከመደጋገፍ በቀር የሚያቆማቸው ምንም ነገር የለም። እነዚህም ሁለት ሴቶች አንዷ የሌላይቱን ጽናት ምስክር አድርጋ ሃያ ዓመት ቆመው ነበር፤ አሁን ግን የተደጋገፉበት ነገር ባዶ አየር እንደ ነበር በአንድ ጊዜ አዩ።

«እኔ ምንም አላውቅም ነበር፣ ልጄ» አሉ እማሆይ በመጨረሻ። «ካህኑ ስሙን ሲጠይቁኝ ተክለ አልፋ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ብናገረው ኖሮ በገዛ አፌ መቅበሬ ነበር። ምላሴ እንቢ አለኝ። የመጣልኝን ስም ተናገርኩ፤ የማንም ስም አልነበረም። ላልተወለደ ሰው ፍታት አስፈታሁ፤ ተዝካሩንም አወጣሁ። ሕዝቡ ሁሉ ላልነበረ ሰው አለቀሰ።» ትንፋሻቸው አጠረ። «ጋቢውንም ፀሐይ የማስመታው አንቺ እንዳታዝኚ ነበር። ‹ትመጣና ታየዋለች፤ የምትጠብቀውን ሰው እናቱ ረሳችው እንዳትል› ብዬ።»

ስኂን ፊቷን በእማሆይ እጅ ውስጥ ደፍታ አለቀሰች፤ በፍታቱ ቀን ቆሞ የቀረው ዕንባ በዚያች ሰዓት የወረደ ይመስል ነበር። እማሆይ በደከመ ጣታቸው ጠጉሯን እየነኩ ቀጠሉ፦

«ሕያው ከሆነ ጸሎቱ አይጎዳውም። ሞቶ ከሆነ ግን አስቢው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን የሚጠራለት አጥቶ ከደጅ ቆሟል። ሌላው በስሙ ሲገባ እያየ። እናቱ ነኝ ብዬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺ ንገሪልኝ ለመምሬ። እኔ ዛሬም ልናገር ብል አልችልም። ስሙን…»

«አውቀዋለሁ፣ እማሆይ።»

የእማሆይ ዓይን ተከፈተ፤ ከንፈራቸውም ሃያ ዓመት ያልታየ ነገር አሳየ፤ ፈገግ አሉ። «ነግሮሽ ነበር በይኛ። ለባዕድ አትናገር ብዬ ነበር ያሳደግሁት…» አሉና ትንሽ ዐረፉ። «ትእዛዜንም አላፈረሰም። ባዕድ አላደረገሽም።» የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር። ዝናቡ ከማባራቱ በፊት ነፍሳቸው በተከፈተው ሰማይ ወጣች።

በማግሥቱ ቀብር ሆነ። ስኂን ጭቃውን እየረገጠች ቃሬዛውን ስትከተል፣ ከሃዘኗ ጋር የሚታገል ሌላ ነገር በልቧ ነበር። ዝም ብትል ማን ይከስሳታል? አደራውን የሰሙት እማሆይና እሷ ብቻ ናቸው፤ እማሆይም ዐርፈዋል። ዝም ካለች ቀጸላ ከእሾሁ ዛፍ ሥር ተነሥቶ፣ በአንድ ባዕድ አገር ጠጉሩ ሸብቶ፣ አንድ ቀን በመተማው መንገድ ብቅ ሊል የሚችል ሰው ሆኖ ይኖርላታል። ከተናገረች ግን፣ በሕዝብ ሁሉ ፊት፣ የአንድ ወንድ ስመ ጥምቀት ባለ አደራ መሆኗን መግለጧ ነው፤ ያን ቀትርና ያን ጥላ፣ ለአባቷ እንኳ ያልገለጠችውን፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ማንጠፏ ነው፤ ከሁሉም በላይ በገዛ አፏ መቅበሯ ነው። እናቲቱ ያልቻለችውን እሷ እንዴት ትችለዋለች? ይሁን እንጂ ያ ከደጅ የቆመ ሰው ከዓይኗ አልጠፋ አለ። በጸሎቷ ሁሉ መንገደኛ ነው ያለችው ሰው ምናልባት ከደረሰ ሃያ ዓመቱ ይሆናል፤ የደረሰበትም በር በእሷ ዝምታ ተቈልፎበት ይሆናል።

መምሬ ገላውዴዎስ፣ አሁን ጢማቸው ሽበት የጀመረው፣ ከመቃብሩ አፋፍ ቆመው ጸሎቱን አደረሱ፤ ነፍሰ አመትከ ጸዳለ ማርያም ብለው ሊፈጽሙ ሲሉ፣ ከሴቶቹ መካከል ሰው ሁሉ የማያውቀው፣ ጥርት ያለና ከፍ ያለ ድምፅ ተሰማ፦

«አባቴ፥ አንድ ስም ይጨምሩልኝ። ተክለ አልፋ።»

ሕዝቡ ድምፁ ከማን እንደ ወጣ ዞር ዞር እያለ ፈለገ። ስኂን ነጠላዋን ከአፏ አንሥታ ቆማ ነበር። መምሬም «ይህ የማን ስም ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«የልጃቸው የቀጸላ ነው።»

«የቀጸላን ስም እናቱ በራሳቸው አፍ ነግረውኝ ፍታት አድርጌለታለሁ።»

«ያ የእሱ አልነበረም፣ አባቴ። እናት ናቸውና ለሞት ሊሰጡት አልቻሉም። ትናንት ንገሪልኝ ብለውኛል።»

«አንቺስ የእሱ ስም ይህ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ስኂን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አንገቷን ሳትደፋ መለሰች፦ «ሲሄድ ራሱ ሰጠኝ።»

ከዚያ ብዙ ሕዝብ መካከል የዚህ ቃል ፍቺ ያልገባው አንድ ሰው አልነበረም፤ የአንዲት ሴት የሃያ ዓመት ዝምታ በአንድ ቃል እንደ መጽሐፍ ተገልጦ ተነበበ። በመጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። ሰዎቹን እየገፉ መጥተው ከፊቷ ቆሙ፤ ሕዝቡም እንደ ልማዳቸው አንድ ቀልድ ይጥሉ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ የስኂንን ነጠላ ከትከሻዋ ፈትተው፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደምትለብሰው አዘቅዝቀው አለበሷት፣ ከዚያም አንገቷን አቅፈው «እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ!» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሴቶቹ ዋይታ ተነሣ፤ አስቀድሞ ላልነበረ ሰው የተለቀሰው ልቅሶ በዚያች ቀን ባለቤቱን አገኘ።

መምሬ ገላውዴዎስም ጽናሐቸውን አንሥተው፣ ድምፃቸው እየተቈረጠ፣ «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ተክለ አልፋ» አሉ። ስኂን ስሙ በአደባባይ ሲጠራ ሰማች፤ ለብቻዋ የነበረው ስም የሁሉ ሆነ፣ ሕያው የነበረውም ሰው በዚያች ቅጽበት ሞተ። በብብቷ ይዛው የመጣችውን፣ ፊደል ያልነካውን ያንን ብራና አውጥታ፣ ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው የጸሎት ብራና ከሟች ጋር እንደሚቀበር ሁሉ፣ በእማሆይ ደረት ላይ እንዲኖር ለቀባሪዎቹ ሰጠች። ከመካከላቸው አንዱ ገለጥ አድርጎ «ይሄ እኮ ባዶ ነው፣ እትዬ» ቢላት «ባዶ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይታያል» አለችው፤ እሱም ወደ ጠቆረው ሰማይ ተመለከተና ጠቀለለው። አፈሩም ተመለሰ። በመስከረም፣ ያንን ነጭ ጋቢ አጥር ላይ የሚያሰጣው ሰው አልነበረም፤ ስኂን ለአንድ ደሃ መንገደኛ ሰጥታው ነበር፤ ከዚያም በኋላ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ በባሕርና በየብስ ስለሚጓዙ ጸልዩ ሲል ዝም ማለትን፣ ስለ ሙታን ሲጸለይም ከንፈሯን ማንቀሳቀስን፣ እንደ አዲስ ትምህርት በየሰንበቱ እየተማረች ኖረች። ሰውን መቅበር አካፋ ለያዘ ሁሉ ይቻላል፤ ተስፋን መቅበር ግን ስመ ጥምቀቱን ለምታውቀው ብቻ የተተወ ሥራ ነው።